ኢንዶስኮፒ ንጹህ ነው ቢባልም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጨጓራ ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ዋና መንስኤ ማለታችሁም ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ጨጓራው ታይቶ ንጹህ የተባለ ሰው ስጋት የለበትም ብላችኋል። ኢንዶስኮፒ ክፍል የምሠራ ነርስ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለብዙው ሰው ነገሩ እንዳላችሁት ነው። በዘር ለሚተላለፈው የጨጓራ ካንሰር ዓይነት ግን አይሠራም። ይሄ ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ ከጨጓራ ካንሰር ሁሉ ከ1 እስከ 3 በመቶ ቢሆን ነው። በደንብ የሚታወቀው መነሻው ሲዲኤች1 በሚባለው ዘረ-መል ላይ ያለ ሚውቴሽን (የዘረ-መል ለውጥ) ነው። ይህ ዘረ-መል ሴሎችን እንደ ሙጫ የሚያያይዝ ፕሮቲን ያሠራል። ፕሮቲኑ ሲጠፋ ሴሎቹ ይበታተናሉ እንጂ እብጠት ሠርተው አይታዩም። ከጨጓራው የውስጥ ሽፋን ሥር እዚህም እዚያም ይሸሸጋሉ። ካሜራው የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ላዩ ደግሞ ሮዝ፣ ለስላሳ፣ ምንም የማይወጣለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሚውቴሽኑ ካለበት ሰው ጨጓራ ከየቦታው ወደ 30 ናሙና የሚቆነጠረው። እሱም ሆኖ ያመልጣል። ናሙናቸው ንጹህ የተባለ ሰዎች ጨጓራ በቀዶ ጥገና ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በአብዛኛው ጥቃቅን የካንሰር ቦታዎች ይገኙበታል።

ስለዚህ ከካሜራው በፊት መጠየቅ ያለበት የቤተሰብ ታሪክ ነው። ሚውቴሽኑም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። በኒውዚላንድ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች አንድ ቤተሰብ ወጣቶቹ በጨጓራ ካንሰር እየተከታተሉ ሲሞቱበት ራሱ ተመራማሪዎችን ፈልጎ ሄደ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን በስንት ዓመቱ እንደሞተ አስመዘገበ። ተመራማሪዎቹ እነ ፓሪ ጊልፎርድ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተሙ።

ሚውቴሽኑ ያለበት ወላጅ፣ አባትም ይሁን እናት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሚውቴሽኑ ሴቶች ላይ አንድ ዓይነት የጡት ካንሰርም ሊያስከትል ይችላል። ወረሰ ማለት ግን ታመመ ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ሳይታመሙ ይኖራሉ። ማን እንደሚታመም አስቀድሞ መለየት ስለማይቻል ነው ጨጓራን ከነጭራሹ ማውጣት እንደ አማራጭ የሚቀርበው። ቀላል ውሳኔ አይደለም። የምግብ ቧንቧው በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል። ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላል። ጣፋጭ ሲበዛ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል። ቫይታሚን ቢ12 ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። እንዲህም ሆኖ ሰው ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ይኖራል።

ማስተካከያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ቦታ ከጠበባችሁ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ከቤተሰብዎ 50 ዓመት ሳይሞላው በጨጓራ ካንሰር የተያዘ ካለ፣ ኢንዶስኮፒዎ ንጹህ ቢሆንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።»

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ