ወፍ ነው ያስነሳኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ግንቦት መጨረሻ

ይድረስ ለምወድሽ አብሮ አደግ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ የምጀምርበት ፊት የለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁ። የእናትሽን የእማማን ማረፍ የሰማሁት በፌስቡክ ነው፤ ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ሲነጋ እደውላለሁ አልኩ። ሲነጋ ተኛሁ። በሳምንቱ አፈርኩ። አርባቸው ካለፈ በኋላማ ምን ብዬ ልደውል? አባቴ የሞተ ጊዜ አንቺ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣሽም። እኔ ለእማማ ስልክ እንኳን አላነሳሁም። ሰበብ አልደረድርልሽም። ቢረፍድም፣ እግዜር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ዛሬ ምን አስነሳት እንደምትዪ አውቃለሁ። ወፍ ነው። ሳቂ።

አብራኝ ሌሊት የምትሠራ አንዲት የደላዌር ልጅ አለች። የዕረፍት ቀኗን ባሕር ዳር ወፍ ስታይ ነው የምታሳልፈው። ፈረንጆቹ ባይኖኩላር አንጠልጥለው ጭቃ ውስጥ ሲቆሙ እያየን አንቺና እኔ ስንት ስቀናል! አሁን እኔው ከነሱ አንዷ ሆንኩልሽ። ባለፈው ቅዳሜ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን ሁለት ሰዓት ገደማ ነድተን ወደ ደላዌር ባሕረ ሰላጤ ወረድን። መንደሩ ስሎተር ቢች ይባላል፤ የእርድ ዳርቻ እንደማለት ነው። የሉካንዳ ቤት ስም ነው የመሰለኝ። እዚያ ግን የሚታረድ የለም፤ እንዲያውም መንደሩ ለሆርስሹ ክራብ መጠለያ ነኝ ብሎ ያወጀ ነው።

ይሄን ፍጥረት እንዴት ልንገርሽ? የብረት ድስት ክዳን ጅራት አውጥቶ ሲሄድ አስቢ። ክራብ፣ ሸርጣን ማለት ነው፣ ይበሉት እንጂ ለሸረሪትና ለጊንጥ ነው የሚቀርበው። ዘሩ ከዳይኖሰር በፊት ጀምሮ አለ። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፣ ባሕሩ ከፍ ሲል እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ሊጥል ይወጣል። ማዕበሉ ብዙዎቹን በጀርባቸው ይገለብጣቸዋል። መነሳት ያቃተው እዚያው ይቀርና ሲነጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ወይ ወፍ ይበላዋል። የኛ ሥራ በባትሪ እየፈለጉ ማቃናት ነው።

"ጅራቱን እንዳትይዢ፣ ይጎዳል" አለችኝ። ከሁለት ጎን ቅርፉን ይዘሽ ነው። የመጀመሪያውን ሳነሳ እግሮቹ ሁሉ አየሩን ቧጠጡ። ሆዱ ሥር እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ነገር አለ፤ መተንፈሻው ነው። እጄ ላይ ገለጥ ገለጥ ሲል ኡኡ ብዬ ለቀቅኩት። እሷ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ግን ለመድኩት። ትንኙ ፊቴን ቢጨርሰውም እስከ እኩለ ሌሊት ስድሳ ምናምን አቃንቻለሁ።

ደሙ ሰማያዊ መሆኑን ታውቂያለሽ? የኛ ደም ብረት አለው፣ የሱ መዳብ። መድኃኒት ፋብሪካዎች በፈረንጅ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መርፌ ውስጥ የባክቴሪያ መርዝ መኖር አለመኖሩን የሚፈትሹት ከዚህ ደም በሚወጣ ነገር ነው። አሁን በላብራቶሪ የሚሠራ ምትክ መጥቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሰው በመርፌ ስወጋ ይህን የነገረኝ የለም።

ጠዋት ወፎቹ መጡ። ዋናዋ ሬድ ኖት ትባላለች፤ ከርግብ ታንሳለች፣ ደረቷ እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ከቲዬራ ዴል ፉዌጎ ድረስ የሚመጡ አሉ። መድረሻቸው በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው የአርክቲክ ምድር ነው፤ በጠቅላላው 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚህ የሚያርፉት ለዚያ ክራብ እንቁላል ብለው ነው። እንቁላሉ አረንጓዴ ነው፣ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ ይላል። አጥንቷ ወጥቶ የመጣች ወፍ ሁለት ሳምንት ያህል ለቅማ ክብደቷን እጥፍ አድርጋ ትነሳለች። ጭንቅላቷን ቀና አታደርግም። ልክ ከጾም በኋላ ፋሲካ ቤት የገባ ሰው!

የአንዳንዶቹ እግር ላይ ትንሽ ባንዲራ የመሰለ መለያ ምልክት አለ፤ አርጀንቲና ያሰረችው ብርቱካንማ ነው፣ የአሜሪካ አረንጓዴ። ቢ95 የሚባል አንድ ወፍ በፈረንጅ በ1995 ምልክት ታስሮለት እስከ 2014 ታይቷል። የበረረው ሲደመር ከዚህ ጨረቃ ይደርሳል ብለው "የጨረቃ ወፍ" አሉት። ዘመዶቹ ግን ተመናምነዋል። በ1980ዎቹ እዚህ ዳርቻ 90 ሺህ ያህል ይቆጠሩ ነበር፤ በ2021 ከ7 ሺህ በታች ሆኑ። ዓሣ አጥማጆች ክራቡን ለማጥመጃ ብለው በገፍ ሲያፍሱት ለወፏ የሚተርፍ እንቁላል ጠፋ። ኒው ጀርሲ ማፈሱን በ2008 አግዳለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እዚያ ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆነ፣ ድምፃቸው የሰው ሳቅ የሚመስል የባሕር ወፎች ሞልተዋል። ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ስገምጥ አንዱ ከኋላ መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝና እየሳቀ ሄደ። የሐዋሳው ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳው ትዝ አለኝ! እማማ ቆረሶ ዓሣ ግዙ ብለው አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ልከውን፣ አንቺ ፌስታሉን አንጠልጥለሽ ከልጆቹ ጋር ወሬ ስትይዢ፣ ያ ቁመቱ ከእኛ የማያንስ፣ ዳኛ መስሎ የቆመው አባ ኮዳ ፌስታሉን ከነዓሣው መነተፈሽ። ያለ ዓሣ፣ ያለ ብር ቤት ስንገባ ለዱላ ተዘጋጅተን ነበር። እማማ ግን "እሱስ ልጆች የሉትም?" ብለው ሽሮ ሠሩልን።

እዚያው አሸዋው ላይ አለቀስኩ። ሦስት ዓመት ያላለቀስኩትን። ባልደረባዬ ለዳቦው መስሏት የሷን ግማሽ ሰጠችኝ።

ላባ አንስቼ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ከ1918 ጀምሮ ባለ ሕግ የአብዛኛውን የዱር ወፍ ላባ ለቅሞ መያዝ ክልክል ነው አሉኝ፣ መለስኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እደውላለሁ፤ ቁጥርሽ ካልተቀየረ። ብትሰድቢኝም አልዘጋም። እስከዚያ አሞራ ገደል ሂጂና አባ ኮዳዎቹን ፎቶ አንሺልኝ። ፌስታል ግን እንዳትይዢ።

እህትሽ