የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከከረጢት የወጣችው ድመት

ክበባችን ዘንድሮ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ምንጭ ሲመረምር ከርሟል። ረጅሙን ክርክር ያስነሳው «ሌት ዘ ካት አውት ኦፍ ዘ ባግ» ነው። ቃል በቃል ድመቷን ከከረጢት ማስወጣት ሲሆን፣ ምስጢር ሳያስቡት አምልጦ ሲወጣ ይነገራል።

አባላት ስለ ምንጩ የሚነገረውን ሁሉ በካርድ ላይ እየጻፉ፣ በሥሩ ሁለት ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ዘመኑ ይገጥማል? ትርጉሙስ? ፈሊጡ በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1760 በለንደን ማጋዚን በወጣ የመጽሐፍ ሒስ ላይ ነው፤ ሐያሲው ደራሲው ድመቷን ባያስወጣት ኖሮ ብሎ ይመኛል።

ተማሪዎች በጣም የወደዱት የመርከበኞቹን ታሪክ ነበር። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል «ካት» የሚባል ባለ ዘጠኝ ጭራ ጅራፍ ነበረ፤ ከከረጢቱ ሲወጣ ቅጣት መጣ ማለት ነው። የጅራፉ ስም በ1695 ተጽፎ ስለሚገኝ ዘመኑ አያጣላም። ትርጉሙ ግን አይገጥምም፦ ግርፋቱ መርከበኛው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ የሚፈጸም ነው፤ ምኑ ምስጢር ይሆናል?

ሁለተኛው የገበያ ማታለል ነው። ሻጭ የአሳማ ግልገል ነው ብሎ ድመት በከረጢት ይሸጣል፤ ገዢው ሲፈታው ጉዱ ይወጣል። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ጀርመኖችም ሳያዩ መግዛትን «ድመት በከረጢት መግዛት» ይሉታል። ሆኖም ድመት እንደ ግልገል አሳማ አትጮኽም፤ ፈሊጡ ከዚያ ማታለል መወለዱን የሚያሳይ ጽሑፍም አልተገኘም። ስለዚህ በካርዱ ላይ «የሚመስል፣ ያልተረጋገጠ» ተብሎ ሰፍሯል፤ ማራኪ ታሪክን ከማስረጃ መለየት የክበቡ ዋና ትምህርት ነውና።

በአጠቃቀም ረገድ ብዙ የታረመው «ሌትድ» የሚለው ነው፤ ግሱ በኃላፊ ጊዜም «ሌት» ሆኖ ይቀራል። ድመቷንም «ካትስ» ብሎ ማብዛት አይሠራም። ፈሊጡ በተለይ የሚስማማው ድንገተኛ የልደት ግብዣ በአንዱ አፍ ሲበላሽ ነው፤ የሰረቀውን ሰነድ ለጋዜጣ ለሰጠ ሰው አይመችም።

በመስከረም የምንጀምረው በ«ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ባቄላውን መድፋት በሚለው ነው፤ ይህም ምስጢር ማውጣት ማለት ነው። ከጥንት ግሪኮች የባቄላ ድምፅ አሰጣጥ መጣ ይባላል። አቴናውያን ግን ባቄላን የሚጠቀሙት ሹማምንትን በዕጣ ለመምረጥ ነበር፤ ፈሊጡም በአሜሪካ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።