ከቀዛፊው በፊት ኮክሱ

ለውድ ወዳጄ፤

ከነቤተሰብህ እንደምን ከረምክ? ይህን ሁሉ ዘመን ድምፅ አጥፍተን ቆይተን የመጀመሪያው ጥያቄህ ስለ ጀልባ መሆኑ አሳቀኝ። የናፍቆቱን ነገር በስልክ እንመለስበታለን። መንደራችሁ የቀዘፋ ክለብ ሊያቋቁም ከሆነ፣ ስብሰባው ሳይደርስ ልታውቀው የሚገባህን ልጻፍልህ።

ያሰባችሁት ጀልባ ሴንት ኤይልስ ስኪፍ ከሆነ ምርጫችሁ ጥሩ ነው፤ በስኮትላንድ ዳርቻ ያሉ ብዙ መንደሮች የሚቀዝፉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንስትራዘር የሚገኘው የስኮትላንድ የዓሣ ማስገር ሙዚየም ያስጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ኢየን ኡትሬድ ንድፉን ያወጣው ከፌር አይል ደሴት የቆየ ጀልባ ተነስቶ ነው። ስሙም ሙዚየሙ ካለበት ቦታ ላይ ከነበረ ጸሎት ቤት የተወሰደ ነው። ርዝመቱ 6.7 ሜትር፣ ወርዱ 1.73 ሜትር፣ ክብደቱ 150 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መቅዘፊያ ይዘው አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይቀዝፋሉ። አምስተኛው፣ ኮክስ የሚባለው፣ ኋላ ተቀምጦ መሪውን ይይዛል።

ዋናው ነገሬ ያለው እዚሁ አምስተኛው ሰው ላይ ነው። ክለብ ሲቋቋም ሁሉም የሚጨነቀው ቀዛፊ እንዳይጠፋ ነው። ቀዛፊ አይጠፋም፤ ጀልባው ውኃ ላይ በታየ በሳምንቱ ሰው ይሰለፋል። የሚጠፋው ኮክስ ነው። አራት ቀዛፊ ለብሶ ወደብ ላይ ቆሞ ኮክስ ከሌለ ያ ምሽት ባክኖ ቀረ ማለት ነው። በአንድ ጀልባ ሠላሳ አባል ካላችሁ ቢያንስ ስድስት ሰባት ኮክስ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ሥራ ይገባል፣ አንዱ ደግሞ መቅዘፉን ወዶ መሪ መያዝ ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሥልጠናው ጀልባው ገና በግንባታ ላይ ሳለ ይጀመር። የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥና የባሕር ካርታ ለማንበብ ውኃ ላይ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ግንባታው ብዙ አልልህም። ጀልባው በኪት ስለሚመጣ የኮምፔርሳቶው ሳንቃዎች ተቆርጠው ይደርሷችኋል፤ እነዚያን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ እያነባበራችሁ በኤፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ በሚደርቅ ሙጫ፣ ማጣበቅ ነው። ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቅዝቃዜና ችኮላ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች አብዛኛው ኤፖክሲ በደንብ አይደርቅም፤ ስለዚህ በክረምት መጋዘኑን ማሞቅ ወይም ለብርድ የተሠራ ማጠንከሪያ መግዛት ግድ ነው። የሙጫውና የማጠንከሪያው ልክ አምራቹ የጻፈው ብቻ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያ የሚጨምር ሰው አይጠፋም፤ የሚያገኘው ግን ሳይደርቅ የሚቀር ሙጫ ነው። ሞርሳውንም ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መገጣጠሚያው ደረቅ ይቀራል። በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን የሙጫ መስመር ብቅ ሲል ይበቃል። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ የሚቀረውን የሰም ዓይነት ቅባት በብርጭቆ ወረቀት ከመነካካታችሁ በፊት በውኃ እጠቡት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ንብርብርም ቀለሙም አይይዝም።

መቅዘፊያው ላይ ግን ጊዜ ስጡ፤ ከጀልባው ይልቅ ቀዛፊውን የሚያደክመው እሱ ነው። መቅዘፊያው የሚያርፈው ጠርዙ ላይ በተተከለ የእንጨት ካስማ ነው። ከካስማው ወደ ውጭ ያለው ርዝመት ወደ ውስጥ ካለው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሁን። ለምሳሌ መካከል ለሚቀመጡት ውስጡ 1.2 ሜትር ቢሆን ውጩ 3 ሜትር፣ በድምሩ 4.2 ሜትር ይሆናል። ጀልባው ከፊትና ከኋላ ስለሚጠብ የአንደኛውና የአራተኛው ቀዛፊ መቅዘፊያ ያጥራል፤ ውስጡ 1.05 ከሆነ ውጩ 2.6 አካባቢ ነው። አራቱንም በአንድ ልክ የሚሠራ ክለብ መጨረሻ ላይ አራት ሰው በአራት የተለያየ ጉልበት ሲቀዝፍ ያያል። ውጩ ሲበዛ ምቱ ይከብዳል፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ጀልባው ቀጥ ሊል ይደርሳል። ውጩ ሲያንስ እጅ በከንቱ ይፈጥናል።

ክብደቱም እንደ ርዝመቱ ነው። መቅዘፊያውን ካስማው በሚነካበት ቦታ ላይ አሳርፋችሁ ስትለቁት ቅጠሉ፣ ማለትም ውኃ የሚገባው ጠፍጣፋ ጫፉ፣ ወደ ታች ዘጭ ካለ፣ ቀዛፊው ባነሳ ቁጥር ያንን ክብደት በአንጓው ይሸከማል ማለት ነው። ቅጠሉን በመላጊያ አሳሱት፤ ያ ካልበቃ እጀታው አጠገብ ጠንካራ እንጨት ለጥፋችሁ ወይም ትንሽ እርሳስ ቀብራችሁ ሚዛኑን መልሱ። ቅጠሉ ጥቂት ብቻ ቢያጋድል ይሻላል። ከካስማው ጋር በሚፋተግበት ቦታ ቆዳ አልብሱት፣ ቆዳውንም ሞራ ቀቡት። ካስማ ደግሞ ይሰበራል፤ መሰበሩም ክፉ አይደለም፣ ጠርዙ ከሚሰነጠቅ እሱ ይሰበር። ለዚህ ሁለት ትርፍ ካስማና ትንሽ መዶሻ ሁልጊዜ ጀልባው ውስጥ ይኑሩ።

አሁን ወደ ኮክሱ ልመለስ። መጀመሪያ የሚማረው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ነው። ከሙላት እስከ ጉድለት በግምት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል፤ ውኃው ግን በእኩል ፍጥነት አይወርድም። ልዩነቱን ለአሥራ ሁለት ብትከፍለው በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻም አንድ እጅ ይወርዳል። ልዩነቱ 4.8 ሜትር በሆነበት ቀን ሦስተኛው ሰዓት ላይ ብቻ 1.2 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ሲወጡ ውኃ የነበረበት መውረጃ ሲመለሱ ጭቃና አለት የሚሆነው በዚህ ነው። ጨረቃ ከሞላች ወይም ከተወለደች አንድ ሁለት ቀን በኋላ ልዩነቱ ይበልጣል፣ የውኃው ሩጫም ይበረታል። ስኪፍ ያለ ውድድር 4 ኖት (በሰዓት 7.4 ኪሎ ሜትር) ያህል ይሄዳል፤ 2 ኖት የሚሮጥ ውኃ ፊት ለፊት ከገጠመው የቀረው ግማሹ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲታሰብ መሄጃው በጉልበት፣ መመለሻው ከውኃው ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው የሚደክመው በመመለሻው ነውና።

ነፋሱን በተመለከተ በቦፎርት መለኪያ 4፣ ማለትም ከ11 እስከ 16 ኖት፣ ለአዲስ ቡድን መቆሚያ ይሁን። ከቁጥሩ ይልቅ አቅጣጫውን ተመልከት። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ አታላይ ነው፤ ዳርቻው አጠገብ ውኃውን ጸጥ ያሰኘዋል፣ ከወጣህ በኋላ ግን መመለሻህን ይነጥቃል። ነፋስና የውኃ ሩጫ ፊት ለፊት ሲጋጩ ደግሞ ማዕበሉ ቀጥ ያለና የተቀራረበ ይሆናል። ኮክሱ እንዲህ ያለውን ማዕበል ጀልባውን በጎን አጋልጦ አይቀበለውም፤ ግንባሩን ትንሽ አግድሞ ይወጣዋል። መዞር ካስፈለገው የሚዞረው በሁለት ትላልቅ ሞገዶች መካከል ሲረግብለት ነው።

ትእዛዞቹ ጥቂትና አጭር ይሁኑ፣ ሁሉም ኮክስ አንድ ዓይነት ይጠቀም፦ ተዘጋጁ፣ ቅዘፉ፣ አቁሙ፣ ውኃ ያዙ፣ ወደ ኋላ። «ውኃ ያዙ» ማለት ቅጠሉን ውኃ ውስጥ አቁሞ ጀልባውን መግታት ነው፤ ፍሬኑ እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ሳይለማመዱ ወደብ መግባት የለም። ማክሰኞ የመራው በአንድ ቃል፣ ሐሙስ የመራው በሌላ ቃል ካዘዘ፣ በጭንቅ ሰዓት አራቱ አራት ነገር ያደርጋሉ።

ስለ ቀዘፋው ራሱ፦ መቀመጫው አይንሸራተትም፤ ኃይሉ የሚመጣው ከእግር መርገጫውና ከወገብ ነው። እግር ይገፋል፣ ወገብ ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ብቻ ይታጠፋል። አዲስ ሰው ገና ከመነሻው በክንዱ ስለሚጎትት አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይዝላል። ሌላው ስሕተት ቅጠሉን በጥልቀት መክተት ነው፤ ቅጠሉ ከተሸፈነ ይበቃል። ቅጠሉ አጋድሎ ከገባ ውኃው ወደ ታች ይስበዋል፣ እጀታውም ደረት ላይ ይመጣል። ያኔ መታገል የለም፤ እጀታውን ለቅቆ ወደ ኋላ ጋደም ማለት ነው። ሁሉም የሚከተለው ኋላ ያለውን፣ ከኮክሱ ፊት ለፊት የሚቀመጠውን አራተኛ ቀዛፊ ነው። እዚያ ብርቱውን ሳይሆን ምቱ የማይዛባውን አስቀምጡ። ለልምምድ በደቂቃ ከ20 እስከ 24 ምት ደህና ነው።

ቅዝቃዜውን አቅልለህ እንዳታየው። በማርች ወር በስኮትላንድ ዳርቻ የባሕሩ ሙቀት 6 ወይም 7 ዲግሪ አካባቢ ነው። የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ እጁ እንደ ልብ የሚታዘዝለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ዋና መቻሉ እዚህ ላይ አያድነውም፣ ላይፍ ጃኬቱ ነው የሚያድነው፤ ስለዚህ ያላጠለቀ አይሳፈርም፣ ሊቀመንበሩም ቢሆን። ኮክሱ ውኃ የማይገባው የእጅ ሬዲዮ ይያዝ፤ የጭንቅ ጥሪ በቻናል 16 ነው። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ከሆነ በብሪታንያ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 999 ደውሎ ኮስትጋርድ (የባሕር ዳርቻ ጠባቂ) ማለት ነው። መልሕቅ ከነገመዱ፣ ውኃ መቅጃ፣ መወርወሪያ ገመድና ፊሽካ ከጀልባው አይለዩ። የወደቀን ሰው ማውጣት በበጋ፣ በጸጥታ ቀን፣ ዳርቻ አጠገብ ተለማመዱት፤ ሁለቱ ሲስቡ ሌሎቹ በተቃራኒው ጎን ካልተቀመጡ ጀልባው ራሱ ውኃ ይቀዳል።

የብስ ላይ ደግሞ ጋሪውን አስቡበት። የጨው ውኃ ጎማው መሐል ያለውን ኩሽኔታ በአንድ ክረምት ይበላዋል፤ ጀልባው ከወጣ በኋላ ጋሪውንም በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ግራሶም አትንፈጉት። የውኃ ማፍሰሻው ውታፍ የት እንዳለ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው በስም ይመደብ። «አንዱ ያየዋል» ከተባለ ማንም አያየውም፣ ጀልባው ከጋሪው ሳይላቀቅ ውኃ ይሞላል። የተጫረ ቦታ ካለ የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ውኃ ሳይመጥ አድርቃችሁ ወዲያው ሸፍኑት።

ውድድሩ አያስቸኩላችሁ። የመጀመሪያው እዚያው አንስትራዘር እ.ኤ.አ. በ2010 ተደረገ፤ የዓለም ሻምፒዮናው በ2013 ኡላፑል ላይ ተጀምሮ ቀጥሏል። በዕድሜ የተከፋፈለ ስለሆነ ከስልሳ በላይ የሆኑትም ቦታ አላቸው። የመጀመሪያው ዓመታችሁ ግን ለኮክሶቹ ይሁን።

ስትመልስልኝ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ጀልባ ማውረጃችሁ ውኃው ሲጎድል ምን ያህል ርቆ እንደሚቀር፣ ብዙ ጊዜ የሚነፍሰው ነፋስ ከየት እንደሆነ፣ ከመንደሩ ዓሣ አጥማጅ የነበረ ወይም ያንን ውኃ የሚያውቅ ሽማግሌ እንዳለ። ካለ ቀድመህ ሄደህ አናግረው፤ ባይቀዝፍም ኮክሶቻችሁን የሚያስተምረው እሱ ነው።

አክባሪ ወዳጅህ