መብራት ጠፍቷል ሲሉሽ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አስፈጭታልሻለች፤ ወደ አዳማ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን።

ከሐዲድ ጥገና ቡድን መመደብሽን ሰምተን ደስ ብሎናል። የሽቦውን ነገር በስልክ ሳነሳልሽ «እሺ አባዬ፣ አውቃለሁ» ብለሽ ስለምትዘጊው በወረቀት አደረግኩት።

«እኔ ድንጋይና ሐዲድ እንጂ ኤሌክትሪክ አልነካም» እንዳትዪኝ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በሚሄደው መስመር ከራስሽ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይዟል፤ ቤት ካለው 220 ቮልት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር እንኳ 750 ቮልት ነው። በ25 ሺህ ቮልት ለመመታት መንካት አያስፈልግም፤ ከተጠጋሽው አየሩን ሰንጥቆ ራሱ ይመጣል። መስመሩ በቻይና ደረጃ የተሠራ ነው፤ የቻይናው ደንብም ሰውም የያዘው ዕቃም ኃይል ካለው ክፍል ከ2 ሜትር በላይ እንዲርቅ ያዛል። አለቃሽ ከዚህ የሚበልጥ ርቀት ካዘዘ የእሱን ያዢ።

ሁለት ሜትሩ የሚቆጠረው ከእጅሽ ሳይሆን ከያዝሽው ዕቃ ጫፍ ነው። የሽቦው ከፍታ እንደ ቦታው ይለያያል፤ ለሒሳብ ያህል ከሐዲዱ ራስ 5 ሜትር ተኩል ላይ ነው እንበል። እጅሽን ወደ ላይ ስትዘረጊ 2 ሜትር ትደርሻለሽ። ሜትር ተኩል ዲጂኖ ብትጨምሪበት ጫፉ 3 ሜትር ተኩል ላይ ነው፤ የቀረሽ ልክ 2 ሜትር ብቻ። መሬት ላይ ቆመሽ ድንበሩ ላይ ደርሰሻል ማለት ነው! የቆመ ባቡር ላይ ስትወጪ ደግሞ ሒሳቡ ያልቃል። የዕቃ ጫኝ ፉርጎ ወለል ከሐዲድ በላይ አንድ ሜትር ከምናምን ነው፣ ኮንቴይነሩ 2 ሜትር ከ60፤ አናቱ ላይ የቆመ ሰው ራሱ ሽቦው አጠገብ ነው። ሸራ ለማስተካከልም፣ የወደቀ ገመድ ለመያዝም ቢሆን ፉርጎ ላይ የሚወጣው ኃይል ተቋርጦ፣ ሽቦው በገመድ ከሐዲዱና ከመሬት ጋር ከተያያዘ (ኧርዝ ከተደረገ) በኋላ ብቻ ነው። ባቡሩ መቆሙ ከሽቦው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ቧንቧ፣ መሰላል፣ ረጅም ብረት በትከሻሽ አቁመሽ አትሂጂ፤ ለሁለት ያዙትና አግድም አድርጋችሁ ከወገብ በታች ውሰዱት። የአሉሚኒየም መሰላል ሽቦው ሥር አይገባም። የብረት ሜትር ወደ ላይ አይዘረጋም። ውኃ በጎማ ወደ ሽቦው አቅጣጫ አይረጭም። ዝናብ የመታው እንጨትና ገመድ እንደ ብረት ቁጠሪው። የጎማ ጓንትና ቦቲ አድርጌያለሁ ብለሽም አትመኪ፤ ለዚህ ቮልቴጅ የተሠሩ አይደሉም። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሥራው ይቁም፤ ረጅም ሽቦና ረጅም ሐዲድ ሩቅ የወደቀን መብረቅ ይዘው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲጠፋ የምናደርገውን ታውቂያለሽ፤ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ሶኬት ይፈታል፣ ሌላው ገመድ ይቀጥላል፣ ምነው ሲሉት «ጠፍቷል እኮ» ይላል። ይህን ልማድ ይዘሽ ሐዲድ ላይ እንዳትወጪ። እዚያ «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ መንታ ነው፤ የአንዱ ሽቦ ኃይል ተቋርጦ የጎረቤቱ ካልተቋረጠ፣ የተቋረጠው ሳይነካካ ከጎረቤቱ ቮልቴጅ ይወርሳል። ኢንዳክሽን የሚሉት ይህ ነው፤ ሰው ለመግደልም ሊበቃ ይችላል። ከአዳማ ወዲያ ባለው ነጠላ ሐዲድ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ፦ ሎኮሞቲቭ ፓንቶግራፉን (ከጣሪያው ተነስቶ ከሽቦው ኃይል የሚወስደውን ክንድ) እንዳነሳ ኃይል ካለው የሽቦ ክፍል ወደተቋረጠው ቢሻገር፣ ፓንቶግራፉ ሁለቱን ክፍሎች ያገናኛቸዋል። ማንም ማብሪያ ሳይነካ አንቺ ያለሽበት ሽቦ ነፍስ ይዘራል።

ለዚህ ነው ሥራው ቅደም ተከተል ያለው። ኃላፊያችሁ ከኃይል ዲስፓቸሩ (የሽቦውን ኃይል ከማዕከል ከሚቆጣጠረው ሰው) ፈቃድ ይጠይቃል፤ የትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ምሰሶ እስከ የትኛው፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። ሰዓቱ ላይ ጆሮሽን ቀስሪ። «በስምንት ሰዓት ይቋረጣል» ከተባለ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ ብለሽ ጠይቂ፤ ስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። የፈቃዱ ቁጥር ተጽፎ መልሶ ይነበባል። ቀጥሎ ማለያያው (ሽቦውን ከኃይሉ የሚለየው ማጥፊያ) ይከፈታል፣ ማለትም ይለያያል፣ ይቆለፋል፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ሽቦው ለዚሁ ቮልቴጅ በተሠራ ቴስተር ይፈተሻል። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱ ከፍተሻው በፊትም በኋላም መረጋገጥ አለበት፤ ባትሪው ያለቀ ቴስተርም «የለም» ነው የሚለው።

ቴስተሩ የለም ካለ በኋላ ኧርዝ ይደረጋል። እዚህ ጋ ዓይንሽን ገልጠሽ ተመልከቺ። የኧርዙ ገመድ የታችኛው መቆንጠጫ መጀመሪያ ሐዲድ ላይ ይታሰራል፤ ዝገቱ ተፍቆ፣ ብረቱ እስኪያበራ። የላይኛው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ (ኢንሱሌትድ) ዘንግ ሽቦው ላይ የሚሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ተገልብጦ ቢሠራ፣ ሽቦው ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ በገመዱ ወርዶ የታችኛውን ጫፍ በያዘው ሰው አልፎ ወደ መሬት ይገባል። ሲፈታም በተቃራኒው ነው፤ ከሽቦው ይጀመራል፣ ሐዲዱ መጨረሻ ይፈታል። አንድ ኧርዝ አይበቃም፤ ከሥራ ቦታው በዚህም በዚያም በኩል አንዳንድ ይታሰርና እናንተ በመካከላቸው ትሆናላችሁ፤ ባቡር ከየትኛው ወገን ኃይል ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅምና። ሁለቱን በዓይንሽ ካላየሽ ለአንቺ ሽቦው ኃይል አለው። የቱንም ያህል የሚከበር ፎርማን «ግቡ፣ ጠፍቷል» ቢል፣ «ጋሼ፣ ኧርዙን ላየው» ማለት ነውር አይደለም። የሚቆጣ ከሆነ ይቆጣ።

ሥራው ሲያልቅ ሰውም መሣሪያም ይቆጠራል፣ ሁሉም ይወጣል፣ ኧርዙ ይነሳል፣ ፈቃዱ ይመለሳል። ፈቃዱ ከተመለሰ በኋላ «ሚስማር ረሳሁ» ብሎ መመለስ የለም። የረሳሽው ሚስማር እዚያው ይደር።

ከላይ ያለውን ብቻ አይተሽ ከእግርሽ በታች ያለውን እንዳትረሺ፤ ይኼ የእናንተ የሐዲድ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሎኮሞቲቩ ከሽቦው የወሰደው ከረንት ወደ ሰብስቴሽን (ለሽቦው ኃይል ወደሚሰጠው ጣቢያ) የሚመለሰው በሐዲዱ በኩል ነው። ሐዲዱ ሙሉ ሳለ ምንም አይሰማሽም። ተቆርጦ ክፍተት ሲፈጠር ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይቆማል፤ አንዱን ጫፍ በግራ ሌላውን በቀኝ እጁ የያዘ ሰው ድልድይ ይሆናል፣ ከረንቱም በደረቱ ያልፋል። ስለዚህ ሐዲድ ከመቆረጡ ወይም መጋጠሚያው ከመፈታቱ በፊት ቢያንስ 70 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ የሚቆረጠውን ቦታ አልፎ ይታሰራል፤ የሚነሳውም አዲሱ ሐዲድ ገብቶ፣ መገናኛዎቹ ሁሉ ከታሰሩ በኋላ ነው። ከሐዲድ ወይም ከምሰሶ ጋር የተያያዘ ገመድ ተቆርጦ ብታዪ በእጅሽ አትቀጥዪው፤ ከአጠገቡ ራቂና አስታውቂ። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሲኒ (ኢንሱሌተር) ቢሰነጠቅ ወይም ቢያጨስ ምሰሶውን ራሱን አትደገፊው።

ሽቦ ተበጥሶ ቢወድቅ ከ10 ሜትር ወዲህ ማንም አይቅረብ። ብልጭታ ስለሌለው ሞቷል አይባልም፤ ብሬከሩ (አደጋ ሲኖር ኃይሉን በራሱ የሚቆርጠው ማጥፊያ) ራሱ መልሶ ኃይል ለመልቀቅ ሊሞክር ይችላል። ሽቦው አጠገብ ከተገኘሽ አትሩጪ፤ እግርሽን በከፈትሽ ቁጥር በሁለቱ እግሮችሽ መካከል ያለው ቮልቴጅ ይጨምራል። እንደቆምሽ እግርሽን አጣብቀሽ፣ ከመሬት ሳታነሺ በትንሽ በትንሹ እየጎተትሽ ውጪ። ከአዳማ ወዲያ ደግሞ እረኛ ከብቱንና ረጅም በትሩን ይዞ ሊያይ ይመጣል፤ በጨዋ ቃል ከሩቅ አቁሙት። ክሬን ወይም ኤክስካቫተር ሽቦ ከነካ ሹፌሩ ካቢኑ ውስጥ ይቆይ፣ ከውጭ ያለውም ማሽኑን አይንካ። እሳት ከተነሳ ብቻ፣ ማሽኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ዘሎ ይውረድ፤ ከዚያም እንደዚያው እግሩን ሳያነሳ እየጎተተ ይራቅ።

ጓደኛሽ ቢመታ መጀመሪያ ስልክ ነው፣ እጅ አይደለም። ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ወድቆ ቆሞ ማየት ከባህላችን ውጪ ነው። ግን ዲስፓቸሩ ተቋርጧል ሳይል፣ ኧርዝ ሳይደረግ ከነካሽው ሁለት ትሆናላችሁ። በእንጨት ልግፋው የሚለው ለቤት ቮልቴጅ ሊሠራ ይችላል፤ ለ25 ሺህ አይሠራም። ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ ካልተነፈሰ ደረቱን መሐል ላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል በሚሰምጥ ግፊት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጫኚ፤ ሥልጠናው ካለሽ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ቃጠሎው ከውስጥ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ምትም ቆይቶ ሊዛባ ይችላል።

ስትደውዪ «አዋሽ ሳይደርስ፣ ግራሩ ጋ» ማለት አይጠቅምም፤ ምሰሶዎቹ ላይ ቁጥር አለ፣ ያንን ንገሪያቸው። የዲስፓቸሩን ስልክ ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊው፤ የስልክሽን ባትሪ አመል አውቃለሁ። በርበሬው ሲደርስሽ ለእናትሽ ደውዪላት፣ የምትጠብቀው እሱን ነው።

አባትሽ