ይድረስ ለልጄ ለምክትል መቶ አለቃው

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለእረፍት የመጣው ጓደኛህ ሶማሊያ ባይደዋ ላይ ያደረግኸውን ነገረን። የቆሰለ ወታደርህን ለማንሳት ብቻህን ሮጠህ መንገድ መሀል ገባህ አለ። አጎትህ ተነሥቶ ፎከረ፣ እናትህ አለቀሰች፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

በበላይ ዘለቀ አገር የተወለደን ልጅ ፍራ አልልም። አትቸኩል ነው የምልህ። ከተማ እንደ ዓባይ በረሃ አይደለም፤ መስኮቱም ጣሪያውም ይተኩሳል።

የምጽዋውን ነገር ሁልጊዜ ጀምሬ እንደማቋርጠው ታውቃለህ። የካቲት 1982 እዚያው ምጽዋ፣ ጥዋለት ደሴት ላይ በሻዕቢያ ተከበን ውሃ አልቆብን ነበር። መቶ አለቃችን የሞጣ ልጅ ነው፤ ያኔ በአንተ ዕድሜ ቢሆን ነው። የቀረችውን ውሃ በኮዳው ክዳን እየለካ ያጠጣናል፤ እሱ የሚጠጣው መጨረሻ ነው። ከቤት ወደ ቤት ስንሻገር በመንገድ አላስኬደንም። የዚያ አገር አሮጌ ቤት ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ግድግዳውን በዶማ እየበሳ ከክፍል ወደ ክፍል አሾለከን። ቀዳዳው እንደተከፈተ መጀመሪያ ጆሮውን ያስጠጋል። የሕፃን ድምፅ ከሰማ የእጅ ቦምቡን ወደ ወገቡ ይመልሳል። «አትቸኩሉ» ይለናል። የሚፎክር ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እሱ ያለ ጀግና ግን አላየሁም።

አንድ ቀን የሬዲዮ ሠራተኛችን አደባባይ ላይ ሲወድቅ ራሱ ሮጠ። ሁለቱም እዚያው ቀሩ። አፈር ሳናለብሰው ተማረክን፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሞጣ ገበያ አሮጊት ባየሁ ቁጥር እናቱ ትሆን እላለሁ።

አንተ የመቶ መሪ ነህ። አንተ ከወደቅህ ያ ሁሉ የሰው ልጅ ማንን ይከተላል? ቁስለኛህን ተወው አላልሁም። መጀመሪያ የጭስ ቦምብ አስወርውር፣ መትረየሱ መስኮቶቹን ይያዝልህ፣ ከዚያ ሂድ። አትቸኩል ልጄ።

የላክኸው ገንዘብ ባንክ ገብቷል፤ ለሠርግህ ነው፣ አልነካውም። እናትህ ለድማህ ጊዮርጊስ ተስላልሃለች፤ ስለቱን የምታስገባው አንተ ራስህ ነህ። በሶና ድርቆሽ በጓደኛህ እጅ ልከናል፤ በሶው እርጥበት እንዳያገኘው አደራ። ያመመህን ጥርስ ለሐኪም አሳይ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውል፤ ስልኩን እኔው ይዤ እጠብቃለሁ።

አባትህ፣ ከቢቸና