የተከላካይ ጠበቃ ግዴታ ፍርድ በተነበበበት ቀን አያበቃም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፤

ስለ መንግሥት ተከላካይ ጠበቆች በተነሳ ቁጥር የሚሰማው አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፣ መዝገብ ይበዛባቸዋል፣ ደንበኛቸውን የሚያገኙት ችሎት በር ላይ ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር በፍርድ ቤት እየተመደብኩ ለተከሳሾች ስቆም ስለነበር ይህን አላስተባብልም። ሆኖም ከመዝገብ ብዛት ጋር እምብዛም የማይገናኝ፣ በጥቂት ደቂቃ ሥራ ሊታረም የሚችል አንድ ጉድለት አለ። ይኸውም ተከሳሹ ጥፋተኛ ተብሎ ከተቀጣ በኋላ፣ የተመደበለት ጠበቃ በይግባኙ ረገድ ምን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ተለይቶ አለመቀመጡ ነው።

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በስርቆት ለተከሰሰ አንድ ወጣት ተመድቤ ነበር። ቅጣቱ በተነበበ ዕለት ፖሊሱ ካቴናውን እያጠለቀለት ሳለ ወደ እኔ ዞሮ «ይግባኝ ልበል ወይ?» አለኝ። «አያዋጣህም» ብዬው ወደ ሚቀጥለው ችሎት ገባሁ። የፍርዱን ግልባጭ አልወሰድኩም፤ ቅጣቱ ሲነበብም ልቤ ሌላ መዝገብ ላይ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እናቱ ግልባጩን በፌስታል ጠቅልለው ከገጠር መጡ፤ ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸውም አብራቸው ነበረች። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ያነበበችላቸው እሷ ናት። ቅጣቱ የከበደበትን አንቀጽ በጣቷ እያሳየች «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኛ አያት ስም አይደለም» አለችኝ። ለቅጣት ማክበጃ የተያዘው የቀድሞ ጥፋተኝነት የሌላ ሰው ነበር፤ የራሱና የአባቱ ስም ከደንበኛዬ ጋር አንድ ነው፣ የአያቱ ስም ግን ይለያል። ዐቃቤ ሕግ ያያዘው ማስረጃ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ እኔም ያላየነውን ያቺ ልጅ አየችው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 187 የሚያስቀምጣቸው ጊዜያት ሁለት ናቸው። የይግባኝ ማስታወቂያ፣ ማለትም ይግባኝ እላለሁ ብሎ ማሳወቂያው፣ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ምክንያቶቹ የሚዘረዘሩበት የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ ግልባጩ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ። ባለጉዳዮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ግልባጩ እስኪደርሳቸው ምንም ጊዜ የማይቆጠርባቸው ስለሚመስላቸው 15ቱ ቀን ሳያውቁት ያልፋል። ታራሚ ማስታወቂያውን በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማቅረብ ይችላል፤ ግን ይህን ማን ይነግረዋል? ጠበቃው ካልነገረው የሚነግረው አብሮት የታሰረው ሰው ነው፤ እሱም የሚያውቀው ከራሱ መዝገብ የተማረውን ብቻ ነው።

የእኔ ደንበኛ የዘገየው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ በማስፈቀጃ አቤቱታ አስረድተን፣ ያላማከርኩት እኔ መሆኔን በቃለ መሐላ አረጋግጬ ይግባኙ ተፈቀደለት፤ ቅጣቱም ተቀነሰለት። ያንን ቃለ መሐላ ስጽፍ የተሰማኝን ኀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ የይግባኝ መብትን ያስቀምጣል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ጠበቃ የማግኘት መብት ይግባኝ ላይ ሲደርስ ይቆማል ብሎ ለመከራከር የሚቸገር ይመስለኛል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ሁለቱንም መብቶች ይዟል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 የአንድ ጃማይካዊ እስረኛ አቤቱታ ቀርቦለት ነበር። የተመደበለት ጠበቃ ደንበኛውን ሳያማክር ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ይግባኙ ፍሬ የለውም» ብሎ ስለነበር ኮሚቴው መብቱ ተጥሷል ሲል ወሰነ።

በአሜሪካ ይኸው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1967 አንደርስ በተባለ ሰው ጉዳይ መልስ አግኝቷል። ለይግባኙ የተመደበለት ጠበቃ መዝገቡን አይቶ «የሚያከራክር ነገር የለም፤ ማመልከቻ አላቀርብም» የሚል ደብዳቤ ብቻ ለፍርድ ቤቱ ጽፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አይበቃም አለ። ጠበቃው መዝገቡን በጥንቃቄ መርምሮ ይግባኙ ፈጽሞ መሠረት የለውም ብሎ ካመነ ከጉዳዩ ለመሰናበት መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ለክርክር ሊያበቃ የሚችል ነገር ካለ ያንን የሚጠቁም ጽሑፍ አያይዞ ማቅረብ፣ ደንበኛውም የጽሑፉ ቅጂ ደርሶት የራሱን ነጥብ የሚያነሳበት ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ አለበት፤ ከዚያም ፍርድ ቤቱ ራሱ መዝገቡን ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ያው ፍርድ ቤት ክፍለ ግዛቶቹ ሌላ በቂ ሥርዓት ሊከተሉ እንደሚችሉ ስለፈቀደ፣ እኛም ቅርጹን እንዳለ መቅዳት አይጠበቅብንም። የምፈልገው ፍሬ ነገሩን ነው፤ መዝገብ ሳይነበብ «አያዋጣም» መባል የለበትም፤ ተነብቦም ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ይህን ስል ጠበቃው ደንበኛው የጠየቀውን ነጥብ ሁሉ እየጫነ ፍርድ ቤቱን ያስቸግር ማለቴ አይደለም። የእኛም ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ምክንያቶች በአጭሩና ተለይተው እንዲጻፉ ያዛል፤ በሰባት ደካማ ምክንያት መካከል የተቀበረ አንድ ጠንካራ ምክንያት ስንቴ ሳይታይ እንደሚቀር ችሎት የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። የትኛው ነጥብ ይነሳ የሚለው የጠበቃው ሙያ ነው። ይግባኝ ልበል አልበል የሚለው ግን የታሳሪው ውሳኔ ነው፤ እኔ በኮሪደር ላይ የነጠቅሁትም ይህንኑ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ፍርዱ የተሰጠበት ቀንና 15ኛው ቀን የሚውልበት ዕለት ይጻፍበት፤ ደንበኛው ይግባኝ መፈለግ አለመፈለጉን በፊርማው ወይም በጣት አሻራው ያረጋግጥ፤ ጠበቃው ምክንያት አላገኘሁም የሚል ከሆነ የትኞቹን የመዝገቡን ክፍሎች እንዳነበበና ለምን እንዳላገኘ በጥቂት መስመር ይግለጽ። አንዱ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ፣ ሌላው ማረሚያ ቤት ድረስ ለታሳሪው ይሰጥ። ይግባኝ ሰሚው ችሎትም ተከላካይ ጠበቃ በነበረበት መዝገብ ላይ «አያስቀርብም»፣ ማለትም ይግባኙ ሌላውን ወገን ጠርቶ ለማከራከር አይበቃም፣ ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ይህን ገጽ እንዲያይ በመመሪያ ቢታዘዝ፣ ሥራው የሚጨምርበት ጥቂት ደቂቃ ነው። ጠበቆቹን የሚመድበው አካልም በምደባ ደብዳቤው ላይ «ፍርድ እስኪሰጥ» ከማለት ይልቅ «የይግባኝ ማስታወቂያው ቀርቦ ወይም ደንበኛው እንደማይፈልግ በጽሑፍ አረጋግጦ እስኪያበቃ» ብሎ እንዲጽፍ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
በጎንደር ከተማ ጠበቃና የሕግ አማካሪ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ተመዝግቧል)