ከሐይቅ ለደሴ፣ አላህ ይስጥልን

አልሐምዱሊላህ፤ ልጄ ተነሥቷል፣ አጥሚትም እየጠጣ ነው። ያየነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አልደግመውም። ኩላሊቱ ላይ የበቀለበት እጢ በቀዶ ጥገና ከነኩላሊቱ ወጥቶለታል።

ከሁሉ በፊት ሰመመን የሰጠችውን እህቴን ላመስግን። ስሜን አታንሺ ስላለችኝ አላነሳሁም። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ማታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። የልጅ ደም በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የኔ ልጅ 12 ኪሎ ነው፤ በገላው ያለው ደም ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ሊትር አይሞላም። «ስለዚህ እያንዳንዷን ጠብታ እንቆጥራለን፤ አብሽሪ» አለችኝ። እውነትም ቆጠረች! ደም የጠጣውን ጎዝ (የደም መጥረጊያ ጨርቅ) ሁሉ በሚዛን አስመዘነች፤ ጎዙ ደረቅ ሳለ ከነበረው ክብደት በላይ የጨመረው እያንዳንዱ ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ይያዛል። ልጅ ከበረደው ደሙ ቶሎ አይረጋም ብላ ክፍሉን አስሞቀች፤ የሚሰጠውን ደም ሳይቀር አሙቃ ሰጠችው። የረጋው ተመልሶ እንዳይሟሟ ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ሰጠችው። ተራዋ አልቆ እንኳ ወደ ቤቷ አልሄደችም። እግሩን ዳብሳ «ሞቋል፣ ነይ ንኪው» ስትለኝ እንባዬ ቀደመኝ። ምን ብዬ ልመርቅሽ! አላህ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፤ እጅሽን አይንሳን።

ወይኔ፣ የደሙን ነገር ሳልናገር! ደሴ ደም ባንክ ሄዳችሁ የሰጣችሁ ወገኖቼ፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፣ እናንተም አታውቁኝም። አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ነው፤ የልጄ የገላው ደም ግማሽ ማለት ነው። አንዳችሁ ብትቀሩ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ወንድሜም የእናንተን አይቶ ሰጥቷል፤ በሦስት ወሩ ይመለሳል።

ቀዶ ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ ጽዳቶቹ፣ እጃችሁ ይባረክ። ወዳጃ ተቀምጣችሁ ዱዓ ያደረጋችሁ አባቶችና እናቶች፣ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሳላችሁልን ክርስቲያን ጎረቤቶቼ፣ ቤቴንና ከብቶቼን የጠበቃችሁልኝ የዕድራችን ሰዎች፣ ውለታችሁን አላህ ይክፈላችሁ። ስንቅ ይዞ ደሴ ድረስ ያልመጣ የለም፤ ሁላችሁንም በስም ልጥራ ብል አንዱን እዘላለሁና አፉ በሉኝ።

ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ገና ይቀጥላል። ዱዓችሁ አይለየን።